ደረጃውን ማን ያውጣቸው?

ነገ ወደ አዲስ አበባ የሚበሩ እናት ያሉበት፣ በጅቡቲ ከተማ ጋቦዴ ሰፈር ያለ ቤት ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ሰው አይጠፋበትም። ጎረቤት ሊሰናበት ይገባል፣ ቡና ይፈላል፣ ኤሲው ያለ እረፍት ያጓራል። ከበር ውጪ የሰኔ ፀሐይ ሰውን ከጥላ አላስወጣ ብላለች። ሻንጣው ተቆልፎ በገመድ ታስሯል፤ የግፊትና የስኳር መድኃኒቱም በፌስታል ተጠቅልሎ እዚያው ውስጥ ገብቷል። ልጅየዋ ትኬት ወደ ቆረጠችበት ቢሮ ደውላለች።

«ለእናቴ ዊልቸር ያዙልኝ።»

«መራመድ ይችላሉ?»

«ትችላለች። ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ።»

«ደረጃስ ይወጣሉ?»

ልጅየዋ ዞር አለች። «እማዬ፣ ደረጃ ትወጫለሽ?»

«እኔ ምን ሆኜ ነው በጋሪ የምገፋው? ሰው ቢያየኝ ምን ይላል?» አሉ እናት፣ ስኒያቸውን እያስቀመጡ።

ልጅየዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የጉልበቷ ነገር እንኳ ብዙም አይደል። ፈረንሳይኛም ዓረብኛም አትችልም፣ የምትሄደውም ብቻዋን ነው። እንዳትጠፋብኝ ብዬ ነው።»

እንዲህ ያለ ስልክ በጋቦዴም በባልባላም፣ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት ሰፈር ሁሉ ይደወላል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ሠራተኛው ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ምልክት ያደርግና ያልፋል። ግን ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች የተዘጋጀው የአየር ጉዞ እርዳታ በሰው አፍ አንድ ስም ብቻ ስላለው፣ ጉልበቱ የደከመውም፣ ዓይኑ የማያየውም፣ የተጻፈው ቋንቋ የማይገባውም ወደዚያው ወንበር ይመራል። ወንበሩ የግድ የሆነበት ሰው ተራ ሲጠብቅ፣ መንገድ የሚያሳየው ሰው ብቻ የፈለገው ደግሞ ሳይወድ ተቀምጦ ይገፋል። የብዙው እንግልት ሥር ያለው አውሮፕላኑ ከመነሳቱ ከቀናት በፊት፣ ትኬት ሲቆረጥ በሚጠየቀውና በሚታለፈው ጥያቄ ላይ ነው።

አጭር መንገድ፣ ከፍ ያለ በር

ጋቦዴ የአምቡሊ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ጎረቤት ናት። ከመሀል ከተማው 6 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ይህ ማረፊያ አንድ መንደርደሪያ ብቻ አለው፤ እሱንም ሲቪሉ መንገደኛ ለብቻው አላገኘውም። የፈረንሳይ አየር ኃይል፣ በካምፕ ሌሞኒየር የሰፈረው የአሜሪካ ጦር፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህም የጃፓን ጦር ይጋሩታል። የመንገደኛው ተርሚናል ትንሽ ነው። ትንሽነቱ ለአዛውንት ይበጃል፤ ከአረንጓዴና ነጭ ታክሲው ወርዶ እስከ መሳፈሪያው በር ያለው እርምጃ ብዙ አያደክምም።

ፈተናው ከበሩ ወዲያ ነው። በትልልቅ ማረፊያዎች ከተርሚናሉ ተዘርግቶ አውሮፕላኑ በር ላይ የሚገጥመው ድልድይ እዚህ የለም። መንገደኛው ሜዳውን ያቋርጥና ደረጃ ይወጣል። የቦይንግ 737 የፊት በር ከመሬት 2.6 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በሞቃቱ ወራት የጅቡቲ ቀን ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ አስፋልቱ ከአየሩ የባሰ ይግላል። የደረጃው መደገፊያ ብረት ፀሐይ ውሎበት እጅ ይፈጃል፤ ጉልበቱ አልታዘዝ ያለው ሰው ግን ያን ብረት ሳይጨብጥ አንዲት ደረጃ አይወጣም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደዚህች ከተማ መብረር የጀመረው ገና በጠዋቱ ነው። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ካደረገ በኋላ፣ ጅቡቲና ኤደን ከቀደምት መዳረሻዎቹ መካከል ነበሩ። የያኔዎቹ ሲ-47 አውሮፕላኖች መሬት ላይ ሲቆሙ ጭራቸው ዝቅ ስለሚል በራቸው ለመሬት ቅርብ ነበር፤ መንገደኛው አቀበቱን የሚወጣው ከገባ በኋላ፣ ባዘመመው ወለል ላይ ነበር። ዛሬ በአጫጭር መስመሮች የሚሠራው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 በሩ ራሱ ተዘርግቶ ጥቂት ደረጃ ይሆናል። ጄት ላይ ግን ከፍታው የማይቀር ነው።

ደረጃ መውጣት ጨርሶ ለማይችል መንገደኛ ሦስት መላ አለ። አንደኛው አምቡሊፍት የሚባለው መኪና ነው፤ መንገደኛው ከነወንበሩ ከኋላው ክፍል ይገባል፣ ክፍሉ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ከአውሮፕላኑ በር ጋር ይገጥማል። ሁለተኛው ጎማ ያለው ተዳፋት መወጣጫ ነው። ከአውሮፕላኑ ጎን ይጠጋና እየተጠማዘዘ እስከ በሩ ይደርሳል፤ ዊልቸር ይገፋበታል፣ ምርኩዝ የያዘም ቀስ እያለ ይራመድበታል። ከአምቡሊፍት ያነሰ ጥገና ይፈልጋል፣ ሰውን በጥቂት በጥቂቱ እየጫነ አያመላልስም።

ሦስተኛው የሰው ክንድ ነው። መንገደኛው ከራሱ ወንበር ተነስቶ በአውሮፕላን መተላለፊያ የሚያልፍ ጠባብ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ደረቱ፣ ጭኑና ቁርጭምጭሚቱ በቀበቶ ይታሰራል፤ እጁን ደረቱ ላይ ያጣምራል። አንዱ ሠራተኛ ከጀርባ፣ ሌላው ከእግር በኩል ይዘው፣ ጀርባውን ለአውሮፕላኑ ሰጥተው፣ ደረጃ በደረጃ ያወጡታል። የታሰረው ሰው የሚታየው ከበታቹ እየራቀ የሚሄደው አስፋልት ነው። ከተሸካሚዎቹ አንዱን ቢያዳልጠው ሦስቱም አብረው ይወድቃሉ። ሰውን ያለ ወንበር በክንድ አቅፎ ማውጣትማ በአሜሪካ ሕግ፣ መንገደኛው ራሱ ቢፈቅድ እንኳ፣ ከአደጋ ጊዜ ማምለጫ በቀር ክልክል ነው።

ቦሌ ሲደርሱ ነገሩ ይገለበጣል። በጥር 2011 ዓ.ም. የተመረቀው የተርሚናል 2 ማስፋፊያ የማረፊያውን አቅም በዓመት ወደ 22 ሚሊዮን መንገደኛ አሳድጎታል። ድልድይ አለ፣ አሳንሰር አለ፤ የሚያደክመው ርቀቱ ነው። አምቡሊ ላይ በደረጃው የተቸገሩ እናት ቦሌ ላይ በእርምጃው ይቸገራሉ። አምቡሊን በሩጫ ያለፈ ዓይነ ስውር ወጣትም በትልቅ ተርሚናል ውስጥ የሚመራው ክንድ ይፈልጋል። ስለዚህ «መራመድ ይችላሉ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን የትም አያደርስም፤ የት፣ ስንት ሜትር፣ በምን ላይ ተብሎ መጠየቅ አለበት።

የመጨረሻዋ ፊደል

ይህን ልዩነት ለመለየት የአየር መንገዶች ማኅበር አያታ ባለ አራት ፊደል መለያዎች አሉት። ለዊልቸር ሦስቱ ዋና ናቸው። ደብሊው ሲ ኤች አር ማለት መንገደኛው ደረጃ ይወጣል፣ አውሮፕላኑ ውስጥም ይራመዳል፣ ረጅም ርቀት ግን አይችልም ማለት ነው። መጨረሻው ኤስ ከሆነ ደረጃ መውጣትና መውረድ አይችልም፤ ውስጥ ከገባ ግን ወደ መቀመጫው ይራመዳል። ሲ ከሆነ ጨርሶ መራመድ አይችልም፤ እስከ መቀመጫው ድረስ ሊወሰድ ይገባል።

ሁሉም ነገር ያለው በዚያች የመጨረሻ ፊደል ላይ ነው። አር ተብሎ የተመዘገበ ሰው አምቡሊ ሲደርስ ዊልቸሩ እስከ ደረጃው ሥር ያደርሰውና ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ያለው የራሱ ጉዳይ ነው። ደረጃ የማይወጡ አባት በአር ከተመዘገቡ አምቡሊፍቱ አልታዘዘላቸውም፣ ተሸካሚም አልተመደበላቸውም። አውሮፕላኑ ሊነሳ ደቂቃዎች ሲቀሩት የሚፈጠረው ትርምስ፣ የልጅ ጩኸት፣ የሠራተኛ ግራ መጋባት፣ የአባት ኀፍረት፣ በአብዛኛው ከዚህች ፊደል የሚመጣ ነው።

ዊልቸር ለማያስፈልገው ሰውም መለያ አለ። ለዓይነ ስውር ቢ ኤል ኤን ዲ፣ መስማት ለተሳነው ዲ ኢ ኤ ኤፍ ይባላል። ዓይነ ስውር መንገደኛ የሚፈልገው ክንዱን ይዞ የሚመራው ሰው፣ ከመነሳት በፊትም የአደጋ ጊዜ መውጫው በስተየት በኩል ስንት ረድፍ እንደሚርቅ ለብቻው የሚነግረው አስተናጋጅ ነው። መስማት ለተሳነው ደግሞ በድምጽ ማጉያ የተነገረው የበር ለውጥ እንዳልተነገረ ነው፤ ወረቀት ላይ ጽፎ የሚያሳየው ሰው በረራውን ያተርፍለታል።

ከዚያ ደግሞ ኤም ኤ ኤ ኤስ አለ፤ ተቀብሎ መርዳት። ጤነኛ ሆኖ ብቻውን መንገዱን ለማይወጣው አዛውንት የተሠራ ነው። የጋቦዴዋ ልጅ የፈለገችው በትክክል ይህን ነበር፤ ስሙን ስለማታውቀው ዊልቸር ብላ ጠየቀች። ሠራተኛውም «ሌላ ምን ያስፈልጋቸዋል?» ሳይል አርን ጻፈ።

በዓለም ዙሪያ በአየር መንገድ ሠራተኞች ዘንድ የሚቀለድ ቀልድ አለ፤ ሲሳፈሩ በዊልቸር የመጡ መንገደኞች ሲደርሱ በተአምር ድነው ሮጠው ይወርዳሉ ይባላል። አንዳንዱ ሰልፍ ለመዝለል የሚያደርገው ማታለል ነው፣ መወቀሱም ተገቢ ነው። የኛ እናቶች ነገር ግን ሌላ ነው። ልጅ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ሆኖ እናቱን ሲያስመጣ ዊልቸር የሚያዝዘው ለእግራቸው ፈርቶ አይደለም። ትራንዚት ላይ በሩ ቢቀየር፣ ኢሚግሬሽን ላይ ጥያቄ ቢጠየቁ፣ መጸዳጃ ቤቱ ቢጠፋባቸው ማንን ያናግራሉ ብሎ ነው። ዊልቸር የሚገፋው ሰው በሌላ አገር ያገኙት ብቸኛ ዘመድ ይሆናል። ተአምሩ የተፈጸመ የሚመስለው የሚያውቁት ቋንቋ ሲሰሙ ነው።

ይሉኝታ

የጅቡቲ የመንግሥት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ናቸው፤ ሰዉ ቤቱ ውስጥ ሶማልኛና አፋርኛ ይናገራል። በከተማዋ ገበያና በጋራዡ ሠፈር አማርኛ የሚሰማ ሰው አይጠፋም፤ በማረፊያው ሰሌዳ ላይ ግን አማርኛ አይጠበቅም። አማርኛ ብቻ ለሚያውቁ እናት የአንድ ሰዓቷ በረራ ከባዱ ክፍል የመጨረሻው ሳይሆን የመጀመሪያው ነው። ቦሌ ላይ «እማማ፣ በዚህ በኩል» የሚላቸው ያገኛሉ። ከቦሌ ወዲያ ወደ ሌላ አህጉር የሚቀጥሉ ከሆነ ችግሩ እንደገና ይመለሳል። አንድ ሰው በአንድ ትኬት ላይ ሦስት ማረፊያ ሲነካ ፍላጎቱ ሦስት ጊዜ ይለዋወጣል፤ መዝገቡ ላይ ግን ከመነሻ እስከ መድረሻ ያው አንድ ምልክት ነው።

በሌላ ወገን በእውነት መራመድ አቅቷቸው ዊልቸር አልቀመጥም የሚሉ ብዙ ናቸው። አባት በከዘራቸው ተደግፈው፣ ላብ በግንባራቸው እየወረደ፣ «ደህና ነኝ ልጄ፣ አትቸገሩ» ይላሉ። እናትም የሰው ዓይን ይፈራሉ፤ በወንበር መገፋት የመውደቅ ምልክት ይመስላቸዋል። በዚህ ላይ ወንበር የሚገፋው ወጣት የልጅ ልጃቸውን የሚያህል ነው፤ ሽማግሌ ተቀምጦ ልጅ ሲደክምለት ማየት ይከብዳቸዋል። ወንበሩ በተሰጣቸው ጊዜም ነገሩ በዚያ አያበቃም። አንዳንድ ማረፊያዎች ላይ ገፊው መጨረሻ ላይ ቆም ብሎ «ለሻይ» ይጠብቃል፤ አዛውንቱም በኪሳቸው የአገሩ ገንዘብ ስለሌለ ያፍራሉ። አገልግሎቱ የሚከፈልበት አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ወጪው በሁሉም ተሳፋሪዎች ላይ ተከፋፍሎ በማረፊያው በኩል ይሰበሰባል፣ ከተረጂው ግን አንድ ሳንቲም አይጠየቅም። ይህን ቀድመው የሚያውቁ አባት ቀና ብለው አመስግነው ይሄዳሉ።

ልጆች ይህን ይሉኝታ በትእዛዝ ሊሰብሩት አይችሉም። «አንተ ስለደከምክ ነው» ከማለት «ቦታው ሰፊ ነው፣ ወጣቱም ይደክመዋል፣ ወንበሩ መንገዱን ከሚያውቅ ሰው ጋር ይመጣል» ማለት ብዙ አባቶችን አስቀምጧል።

ከ15 ሜትር ወደ 2,334 ሜትር

የጅቡቲና የአዲስ አበባ በረራ አንድ ሰዓት ያህል ቢሆንም ለልብና ለሳንባ ሕመምተኛ ግን ቀላል ጉዞ አይደለም። አምቡሊ ከባሕር ጠለል በላይ 15 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ይላል፤ ቦሌ 2,334 ሜትር ላይ ነው። ጄት አውሮፕላን በ10 ሺህ ሜትር ከፍታ ሲበር የውስጡ አየር የሚጠበቀው ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ባለ ተራራ ላይ እንዳለ አየር ነው። በዚህ ከፍታ የሚተነፈሰው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር እስከ ሩብ ያህል ይቀንሳል። ጤነኛ ሰው ልብ አይለውም፤ የሳንባ ሕመም ያለበት ወይም ልቡ የደከመ ሰው ግን ትንፋሹ ያጥረዋል።

ከጅቡቲ ወደ ፓሪስ የሚበር ሕመምተኛ ሲያርፍ ወደ ከባዱ አየር ይመለሳል፣ ይተነፍሳል። ወደ አዲስ አበባ የሚበረው ግን አውሮፕላኑ መሬት ሲነካም በዚያው ስስ አየር ውስጥ ይቆያል፤ ቀናት ያድርበታል። ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ የጅቡቲ ሕመምተኞች ጥቂት አይደሉም፤ ሆስፒታሉ የሚያክማቸው ከባሕር ዳር ወደ ተራራ ከወጡ በኋላ ነው። ለዚህ ነው አየር መንገዶች ለከባድ ሕመምተኛ ሜዲፍ የሚባል በሐኪም የሚሞላ ቅጽ የሚጠይቁት። ኦክስጅን የሚያስፈልገው ሰው የራሱን ሲሊንደር ይዞ መሳፈር በአብዛኛው አይፈቀድለትም፤ በባትሪ የሚሠራ ከአየር ላይ ኦክስጅን የሚያጠልል መሣሪያ ግን ቀድሞ ካሳወቀና ዓይነቱ ከተፈቀደ ይዞ ይገባል።

ረጅም በረራ ሌላ ነገር ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ መጓዝ በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋን በእጥፍ ገደማ ያሳድጋል፤ ያም ሆኖ አደጋው የሚደርሰው ከ6,000 ሰው በአንዱ ያህል ነው። መፍትሔው ውኃ መጠጣት፣ እግርን ማንቀሳቀስ፣ ተነስቶ መራመድ ነው። ነገር ግን አዛውንቶች ሆን ብለው ውኃ ይተዋሉ። መጸዳጃ ቤቱ ጠባብ ነው፣ በሩ አከፋፈቱ ግራ ያጋባል፣ ሰው ማስነሳት ያሳፍራል። ከጠዋት ጀምሮ ምንም ሳይጠጡ አውሮፕላን የሚገቡ እናቶች አሉ። ዊልቸር ተጠቃሚዎች ደግሞ በአንድ መተላለፊያ ባላቸው አውሮፕላኖች ውስጥ መጸዳጃ ቤቱ ጨርሶ አያስገባቸውም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 ይህን የሚያስተካክል ደንብ አወጣች፤ ግን ደንቡ 125ና ከዚያ በላይ መቀመጫ ያላቸውን አዳዲስ አውሮፕላኖች ብቻ ስለሚመለከት ውጤቱ የሚታየው ከ2030ዎቹ አጋማሽ ወዲያ ነው።

ወንበሩ ጭነት ሲሆን

የራሱ ዊልቸር ያለው ሰው አውሮፕላኑ በር ላይ ሲደርስ ከወንበሩ ይለያያል። ወንበሩ ወደ ሻንጣ ክፍል ይወርዳል፤ ሲደርስ ተሰብሮ ቢገኝ ባለቤቱ እግሩን አጣ ማለት ነው። ኢንግራሲያ ፊጌሮአ የተባለች አሜሪካዊት የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋች እ.ኤ.አ. በ2021 ከበረራ በኋላ ለሰውነቷ ተለክቶ የተሠራው ወንበሯ ተሰባብሮ ጠበቃት። በማይመቻት ሌላ ወንበር ለሰዓታት ተቀመጠች፤ የነበረባት የመቀመጫ ቁስል ከፋ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ አረፈች። የአሜሪካ አየር መንገዶች በ2023 ብቻ ከ11,000 በላይ ዊልቸሮችና ስኩተሮችን አበላሽተዋል፣ አዘግይተዋል ወይም አጥፍተዋል።

የሞንትሪያል ስምምነት በሚገዛቸው ዓለም አቀፍ በረራዎች ዊልቸር እንደ ሻንጣ ይቆጠራል። ካሣው እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጀምሮ ከ1,519 ኤስ ዲ አር፣ ማለትም ከ2,000 ዶላር ግድም አይበልጥም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ወንበር የዚህን ብዙ እጥፍ ያወጣል። ስምምነቱ ግን አንድ ቀዳዳ ትቷል፦ መንገደኛው ሲያስረክብ የወንበሩን እውነተኛ ዋጋ በልዩ መግለጫ ካስመዘገበ ካሣው እስከዚያ ዋጋ ሊደርስ ይችላል። ይህን የሚያውቅ መንገደኛ ግን ጥቂት ነው።

ባትሪም አለ። ሊቲየም ባትሪው የሚነቀል ከሆነ እስከ 300 ዋት ሰዓት ያለው በእጅ ተይዞ ወደ መንገደኛው ክፍል ይገባል፣ ወንበሩ ወደ ታች ይወርዳል። አየር መንገዱ የባትሪውን ዓይነትና መጠን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ማለዳ ቼክ ኢን ላይ ተደርሶ ስለ ባትሪ ክርክር ከተጀመረ የሚያሸንፈው መንገደኛው አይደለም።

ሕጉ እስከ የት ይሸኛል?

የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት 9ኛ አንቀጽ መጓጓዣ ለሁሉም ተደራሽ እንዲሆን ያስገድዳል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ ጅቡቲም በ2012 ተቀላቅላለች። የሲቪል አቪዬሽን ድርጅቱ ኢካኦም በቺካጎ ስምምነት 9ኛ አባሪ ላይ ለአካል ጉዳተኞች የሚደረገውን እርዳታ ይዘረዝራል። ኢትዮጵያ ውስጥ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ እንዲኖራቸው ጠይቋል። ወረቀቱ ሞልቷል።

ሲተገበር ግን መብቱ የሚወሰነው በማን አውሮፕላን፣ ወዴት እንደሚበሩ ነው። አንድ ማለዳ አምቡሊ ሜዳ ላይ ሁለት ዊልቸር ጎን ለጎን ቢቆሙ፣ በአውሮፓ አየር መንገድ ወደ ፓሪስ የሚሄደው ሰው በአካል ጉዳቱ ምክንያት እንዳይከለከል የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 1107/2006 ይጠብቀዋል። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አጠገቡ ያለ ሰው ይህ ደንብ አይመለከተውም። ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን ሲቀጥል ደግሞ የአሜሪካ ሕግ ይቀበለዋል፤ ያ ሕግ ወደ አሜሪካ የሚበሩ የውጭ አየር መንገዶችንም ይገዛልና። ሰውየው አልተለወጠም፣ ጉልበቱም አልተሻለም፤ የተለወጠው የሚሸኘው ሕግ ነው።

ሳይረፍድ

አየር መንገዶች በአብዛኛው የሚጠይቁት የ48 ሰዓት ማስታወቂያ ነው። የጋቦዴዋ ልጅ የደወለችው ግን አንድ ቀን ሲቀር ነበር። ትኬት ሲቆረጥ ሦስት ነገር በግልጽ ይነገር፦ ስንት ሜትር ይራመዳሉ፣ ደረጃ ይወጣሉ ወይስ አይወጡም፣ ብቻቸውን ከማን ጋር መግባባት ይችላሉ። መለያው ኤስ ይሁን አር ተደግሞ ይጠየቅ፣ ትኬቱ ላይ መጻፉም ይታይ።

መድኃኒት ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ሻንጣ ይዘገያል፤ ኢንሱሊን ደግሞ በጭነት ክፍሉ ቅዝቃዜ ሊበላሽ፣ በአምቡሊ ሜዳ ሙቀትም ሊቃጠል ይችላል። ከሐኪም ማዘዣ ጋር የእጅ ቦርሳ ውስጥ ይያዝ። ኪስ ውስጥ አንድ ወረቀት ይኑር፦ ስም፣ የበረራ ቁጥር፣ የሚቀበላቸው ሰው ስልክ፣ የሕመማቸውና የመድኃኒታቸው ስም፣ በአማርኛ፣ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ። ፈረንሳይኛ የምትችል የጎረቤት ልጅ በአሥር ደቂቃ ትጽፈዋለች።

እርዳታ የጠየቀ ሰው ቀድሞ ይገባል፣ መጨረሻ ይወርዳል። ስለዚህ ትራንዚት ያለው ትኬት ሲመረጥ በሰዓት መቆጠብ አያዋጣም። ምርጫ ካለ ከቀትር ሙቀት ይልቅ የማለዳ ወይም የማታ በረራ ይሻላል። አውሮፕላን ጨርሶ ለማይመቸው ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ ሥራ የጀመረው፣ ከጅቡቲው ናጋድ ጣቢያ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ባቡር አለ፤ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሄድ ሰዓቱ ግን በደንብ ይታሰብበት።

የተጓዡ ቤተሰብ ማድረግ የሚችለው እስከዚህ ነው። ቀሪው የባለ ማረፊያዎቹ ሥራ ነው፣ ሁሉም ውድ አይደለም። አምቡሊ ላይ አንድ ጥሩ ተዳፋት መወጣጫና ከተርሚናሉ እስከ አውሮፕላኑ የሚደርስ ጥላ ቢኖር፣ ዊልቸር የሚጠይቀው ሰው ቁጥር ራሱ ይቀንሳል፤ ደረጃውን ብቻ የሚፈሩት ብዙዎች በእግራቸው ይወጣሉና። የትኬት ሠራተኛው ላይ የሚጨመረው ጥያቄ ደግሞ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2015 አምቡሊን የሚተካ አዲስ ማረፊያ እንደምትሠራ አስታውቃ የመሠረት ድንጋይ አስቀምጣለች። ኢትዮጵያም ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ በመጨረሻ በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታቀደ ማረፊያ ይዛለች። እንዲህ ባለ ግዙፍ ሕንፃ ውስጥ ርቀቱ ከቦሌም ይረዝማል፣ እርዳታ ፈላጊውም ይበዛል። ሥዕሉ ገና ወረቀት ላይ ሳለ የአካል ጉዳተኞችና የአረጋውያን ማኅበራት ቢጠየቁ መወጣጫው፣ መቀመጫው፣ የመጸዳጃው በር ስፋት በእርሳስ ይስተካከላል። ግንባታው ካለቀ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ግን ግድግዳ ማፍረስን ይጠይቃል፤ ግድግዳ የሚያፈርስ ባለ ማረፊያ ደግሞ እስካሁን ብዙ አላየንም።